ሾላ በድፍን

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

 

ልጅ ሳለሁ ከወንዛችን ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ፍሬው ሲበስል ከእረኞቹ ጋር እየተሻማን እንለቅም ነበር። አያቴ ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ምክር ነበራት፦ «ልጄ፣ እንዳትከፍተው። ካየኸው አትበላውም፤ ዝም ብለህ ጉረሰው።» አትክፈት ሲባል የማይከፍት ልጅ የለምና አንድ ቀን ለሁለት ገመስኩት። ውስጡ እንደ ትንኝ የደቀቁ ጥቋቁር ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። ፍሬውን ወርውሬ እጄን በሣር ጠረግሁ። ሁለት ቀን ሾላ የሚባል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ራበኝና እንደ አያቴ ምክር ሳላይ መጉረሴን ቀጠልኩ።

አማርኛችንም ይህን ነገር ያውቃል። ጉዳዩ ሳይዘረዘር፣ ውስጡ ሳይታይ ሲታለፍ «ሾላ በድፍን» እንላለን። ሂሳቡን በአፉ ብቻ ነግሮ ደብተሩን የማያሳይ የዕቁብ ሰብሳቢ ገጥሟችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ዛሬ ግን ሾላውን ገምሰን ውስጡን እናያለን። ዕፅዋትና እንስሳት አንዱ ያለ ሌላው ለምን መኖር እንደማይችሉ ለማሳየት ከዚህች ፍሬ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

ስለዚህ ጉዳይ ሁላችንም ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ነገር አለ። ዕፅዋት ኦክስጅን ይሰጡናል፤ እኛ የምንተነፍሰውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስዳሉ። ላሟ ሣሩን ትግጣለች፤ እበቷ መሬቱን ያዳብራል። እውነት ነው፤ ፈተናም ያሳልፋል። ችግሩ፣ እንዲህ ሲነገር ፍጥረት ሁሉ እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገብቶ የሚደጋገስ ያስመስላል። እኔ እንደሚገባኝ ግን በዱር ውስጥ ያለው ደግነት ሳይሆን ውል ነው። ውሉም የሚጸናው ተዋዋዮቹ ስለተዋደዱ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያጸናው ከጎን የቆመ ሦስተኛ ወገን ነው። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ ሾላው ልመለስና በኋላ እመጣበታለሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሾላ ሲያብብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋንዛ ሲያብብ ነጭ ሻሽ ይጠመጥማል። ግራር ሲያብብ ከሩቅ ያውዳል። ሾላ ግን አንድ ቀን አበባ ሳያሳየን ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ፍሬ ያንጠለጥላል። አበባ የለውም ብለን እንዳንተወው፣ አለው፤ ያለው ውስጥ ነው። ገና ለጋ ሳለ ፍሬ የምንለው ድቡልቡል ነገር በእውነቱ የአበባ ከረጢት ነው። እጅግ ብዙ ደቃቃ አበቦች ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ግድግዳው ላይ ተሰድረዋል። መግቢያው አናቱ ላይ ያለች፣ በቅርፊት የተደፈነች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ናት። ንፋስ አይገባባትም። ንብም አይገባባትም።

በዚያች ቀዳዳ መግባት የምትችል አንዲት ተርብ አለች። ተርብ ስል ቤታችሁ ጣሪያ ሥር ጎጆ የምትሠራዋን፣ የምትናደፈውን እንዳታስቡ። የሾላዋ ተርብ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። የሳይንስ ስሟ ሴራቶሶለን አራቢከስ ይባላል። ለጋው ሾላ የሚያወጣው ሽታ ይጠራታል። አናቱ ላይ ታርፍና በቅርፊቶቹ መካከል እየተሽሎከሎከች ትገባለች። መንገዱ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ክንፎቿ እዚያው ተነቅለው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ መውጣት የለም። ለመሞት ነው የገባችው።

ስትገባ ባዶ እጇን አይደለም። ደረቷ ላይ ሁለት ኪሶች አሏት፤ ከተወለደችበት ሾላ የሰበሰበችው የአበባ ብናኝ እነዚያ ኪሶች ውስጥ ነው። ከአበባ ወደ አበባ እየሄደች እንቁላሏን ትጥላለች። እግረ መንገዷን በፊት እግሮቿ ብናኙን ከኪሷ እያወጣች አበቦቹ ላይ ታራግፋለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ንብ ብናኝ የምታደርሰው ሳታስበው፣ ፀጉሯ ላይ ተጣብቆባት ነው። ይህቺኛዋ ግን ሥራዬ ብላ፣ እንደሚዘራ ገበሬ፣ ከቋጠሮዋ እያወጣች ነው። ይህንን በዝርዝር ያዩት እስራኤላዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ያዕቆብ ጋሊልና ባልደረባቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው ሾላውን እየገመሱ ሲመለከቱ።

ውሉ እንግዲህ እንዲህ ነው። አበቦቹ እኩል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው አጭር፣ አንዳንዶቹ ረጅም ነው። የተርቧ እንቁላል መጣያ ወደ አጭሮቹ ሥር ይደርሳል፤ እዚያ ልጇ ይፈለፈላል፤ አበባውንም ይበላዋል። ወደ ረጅሞቹ ብዙ ጊዜ አይደርስም። እነሱ ብናኙን ብቻ ተቀብለው ዘር ይሆናሉ። ዛፉ ከልጆቹ ከፊሉን ለተርቧ ልጆች ቀለብ ሰጥቶ የቀሩትን ዘር አደረገ ማለት ነው። የእኩል አራሽን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ መጀመሪያ የሚነቁት ተባዕቶቹ ናቸው። ክንፍ የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይ ሳያዩ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ እንስቶቹን ገና ከተኙበት ሳይወጡ ያጠቋቸዋል፤ ከዚያም የሾላውን ግድግዳ እየቦረቦሩ መውጫ ይከፍታሉ። ከፍተው ይሞታሉ። መንገዱ ግን ለእነሱ አልነበረም። ልክ በዚያ ሰዓት ሾላው ውስጥ ያሉት ወንዴ አበቦች ይደርሳሉ። ሴቴዎቹ ካበቡ ሳምንታት አልፏቸዋል፤ ወንዴዎቹ ግን ይህችን ቀን ሲጠብቁ ነበር። እንስቶቹ ተርቦች ብናኙን ኪሳቸው ውስጥ ሞልተው በተከፈተላቸው ቀዳዳ ይበራሉ። ሾላው ደግሞ እነሱ ከወጡ በኋላ ይለሰልሳል፣ ይቀላል፣ ይጣፍጣል። አያቴ «አትክፈተው» የምትለኝ ፍሬ አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ ተጋብቶ፣ ተሰናብቶ የወጣበት ቤት ነበር። እኔ ደግሞ ዘግይተው የቀሩት ላይ ነው የደረስኩት።

(አጭር የዜማ መሸጋገሪያ)

ከሾላ የወጣችው ተርብ በአየር ላይ ያላት ዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለጋ ፍሬ የያዘ ሌላ ሾላ ማግኘት አለባት። ለዚህም ነው የአንድ አካባቢ ሾላዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ የማያፈሩት። አንዱ ሲያበስል ሌላው ያጎጠጉጣል፤ አንዱ ሲያርፍ ሦስተኛው ይጀምራል። ባይሆን ኖሮ ተርቧ በወጣችበት ቀን የምታርፍበት አጥታ ዘሯ ይጠፋ ነበር።

አንድ ሾላ ብቻውን እርሻ መሐል ቆሞ ስታዩ ብቸኛ ነው ብላችሁ ታዝኑለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ናሚቢያ በረሃ ውስጥ፣ በኡጋብ ወንዝ ዳር የተራራቁ ሾላዎች አሉ። ተመራማሪዎቹ የዛፎቹንና የዘሮቻቸውን የዘር ምልክት አመሳክረው ብናኙ ከየት እንደመጣ ፈለጉ። ጤፍ የምታክለው ተርብ በንፋስ ተጭና እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ብናኝ ታደርስ ነበር። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በአዳማ በኩል ወደ አሰላ ብትወርዱ ያን ያህል ብትጓዙ ነው። ብቻውን የቆመው ሾላ ጎረቤት አለው፤ እኛ ስለማናየው ነው። እናም በአንድ ወንዝ ዳር ሾላዎቹ እየተቆረጡ በጣም ሲያንሱ፣ በአንዱ ቀን ለጋ ፍሬ የያዘ አንድም ዛፍ ላይገኝ ይችላል። የቀሩት ዛፎች ለምለም ሆነው ቆመው እያሉ ውሉ ይፈርሳል።

ሌባም አይጠፋም። ሴራቶሶለን ጋሊሊ የምትባል ሌላ ተርብ አለች፤ በዚያችው ቀዳዳ ትገባለች፤ እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች፤ ብናኝ ግን አታደርስም። ቤት ገብታ ኪራይ የማትከፍል ተከራይ ናት። ስሟ የተሰየመው ለእኚያው ለጋሊል ነው። ለሌባ ስምን ማውረስ ምን ዓይነት ክብር እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ተርቧ ብትጠፋ ምን ይሆናል? ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ መልሱ ከሺህ ዓመታት በፊት ታይቷል። ጥንታዊት ግብፅ ሾላን አጥብቃ ትወድ ነበር። ጥላውን፣ ፍሬውን፣ ለሬሳ ሣጥን የሚሆነውን እንጨቱን። ዛፉ ከእኛ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሰው እጅ ሲሻገር ተርቧ አብራው አልተሻገረችም። ግብፅ ውስጥ ሾላ ዘር አያፈራም፤ ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ካልተከለው አይራባም። ፍሬውም በራሱ ደህና አድርጎ አይበስልም። ስለዚህ ገበሬዎቹ በቢላዋ ፍሬውን አንድ በአንድ ይሰነጥቁት ነበር፤ የተሰነጠቀው በጥቂት ቀን ውስጥ ይለሰልስና ይጣፍጣል። ምክንያቱን ያብራሩት ጋሊል ናቸው፦ ቁስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያስወጣል፤ ሙዝ ከሌላ ሙዝ ጋር ተከድኖ ሲቀመጥ የሚያበስለውም ያው ጋዝ ነው። በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ ኢያሪኮ ላይ የወጣበት ሾላ ይታወሳችኋል። የዚያ አገር ሾላም ተርቧ ያልተከተለችው ነውና ሰው የተከለው ዛፍ ነበር። አንዲት ተርብ የምትሠራውን ለመተካት ስንት እጅ፣ ስንት ቢላዋ፣ ስንት ትውልድ እንደፈጀ አስቡት።

ሦስተኛ ወገን ያልኳችሁም እዚህ ጋ ይመጣል። ዛፉና ተርቧ ብቻቸውን ሾላን ከአንድ ወንዝ ወደ ሌላ ወንዝ አያደርሱትም። ዘሩ ዛፉ ሥር ቢወድቅ በእናቱ ጥላ ይቀጭጫል። የሚወስደው ጦጣው፣ ወፉ፣ የሌሊት ወፉ ነው። በሆዳቸው ይዘውት ይሄዱና ከኩሳቸው ጋር ሌላ ቦታ ይጥሉታል። ዘመዱ ዋርካ ደግሞ የራሱ ተርብ አለው፤ ወፍ ዘሩን የዓለት ስንጥቅ ወይም የሌላ ዛፍ ጉያ ላይ ስትጥለው እዚያው ይበቅላል። ከዓለት ላይ ዋርካ ወጥቶ የምታዩት ለዚህ ነው። ሌላው ዛፍ ሁሉ ፍሬ በሚያጣበት ወር አንዱ ሾላ አይጠፋውምና፣ እነዚህ እንስሳት ክፉውን ቀን የሚሻገሩበት ጎተራ ነው።

በዓለም ላይ ከ750 በላይ የሾላና የዋርካ ዘመዶች አሉ፤ አብዛኞቹ የየራሳቸው ተርብ አላቸው። ይህ ውል ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ጸንቷል። ንብ እንዲህ አይደለችም። ንብ ደንበኛዋ ብዙ ነው፤ መስከረም ላይ አደይ ብትነጥፍባት ወደ ሌላው ታልፋለች። ንብ አናቢዎቻችን የግራዋውን ማር ከገተሜው ነጭ ማር በጣዕም የሚለዩት ንቧ እንደየወሩ ደንበኛ ስለምትቀያይር ነው። ደንበኛው ብዙ የሆነ ነጋዴ አንዱ ቢከስርበት አይከስርም። የሾላዋ ተርብ ግን ሱቋ አንድ፣ ደንበኛዋም አንድ ነው።

(ዜማ)

አሁን ወደ ሌላ ዛፍ ልውሰዳችሁ፤ ዋልካ መሬት ላይ ወደሚበቅል አጭር ግራር። ከእኛ ቦረና ጀምሮ ኬንያና ታንዛኒያ ድረስ አለ። እሾሁ ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ አብጦ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጉንዳኖች ይቦረቡሩትና ቤታቸው ያደርጉታል። ንፋስ በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ዛፉ ያፏጫል። ከቤቱም ሌላ ግራሩ በቅጠሉ ሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ያፈልቅላቸዋል። ጉንዳኖቹ ደግሞ ዘበኛ ናቸው። ዝሆን ኩምቢውን ሲዘረጋ እየተመሙ የአፍንጫው ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ያን የሚያህል እንስሳ ጥሎ ይሄዳል።

ተመራማሪዎች ኬንያ፣ ላይኪፒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ጥቂት ቦታዎችን በኤሌክትሪክ አጥር አጥረው ዝሆኑንም፣ ቀጭኔውንም፣ ትላልቅ ሣርና ቅጠል በሎችን ሁሉ አስወጡ። እንግዲህ ግራሩ አረፈ፤ የሚቀነጥበው የለም። ይፋፋል ብላችሁ አልጠበቃችሁም? ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው ሲያዩት ሌላ ሆኖ አገኙት፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ታተመ። ዛፉ ጠላት እንደሌለው ሲያውቅ የዘበኞቹን ደመወዝ ቆረጠ። ጣፋጩን ፈሳሽ ቀነሰ፤ ያበጠ እሾህ ማብቀሉንም ቀነሰ። ደመወዙ የተቆረጠበት ዘበኛ ለቀቀ። በቦታው የገባው ሌላ ዓይነት ጉንዳን እሾህ ውስጥ የማይኖር ነበር፤ የሚኖረው ግንድ ቦርቧሪ ጥንዚዛ በከፈተው ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ ስለዚህም ጥንዚዛው እንዲበዛ ይመቸዋል። ዛፎቹ እድገታቸው ዘገየ፤ የሚሞቱትም በዙ። ዝሆኑ ቅጠሉን እየቀነጠበ ሳያውቀው የዘበኞቹን ውል ያድስ ነበር። ይህንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ጠላት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ትንሽ ይምታታብኛል።

በዚያው በላይኪፒያ የሆነው ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይገርማል። ጭንቅላቱ ገዘፍ ያለ ሌላ ጉንዳን ከውጭ መጣና ዘበኞቹን ጉንዳኖች እየገደለ ቦታቸውን ያዘ። እሱ ግን ዛፍ አይጠብቅም። ዝሆኖቹ ወዲያው አወቁ፤ ጉንዳኑ የደረሰበትን ግራር ካልደረሰበት ይልቅ ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይሰባብሩት ጀመር። ቁጥቋጦው ሳሳ፤ ሜዳው ወለል ብሎ ታየ። ለዝሆኑ ሲሳይ ነው፤ ለአንበሳ ግን መጥፎ ዜና ነው። አንበሳ የሜዳ አህያን የሚይዘው ሮጦ ሳይሆን አድብቶ ነው፤ መደበቂያ ከሌለ የሜዳ አህያው ከሩቅ ያየዋል። በኦል ፔጄታ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2003 አንበሶቹ ከገደሏቸው እንስሳት 67 በመቶው የሜዳ አህዮች ነበሩ። በ2020 ወደ 42 በመቶ ወረደ። አንበሶቹም አልሞቱም፤ ጎሽ ማደን ጀመሩ። ጎሽ ደግሞ የሚያቆስል፣ የሚገድልም አውሬ ነው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ነው። እንግዲህ ስንዴ ቅንጣት የማይሞላ ጉንዳን የአንበሳን ምሳ ቀየረ። አንበሳውም ለምን እንደተቸገረ አያውቅም።

ከመሰናበቴ በፊት ወደ አገራችን ልመለስ፤ ወደ ባሌ ተራሮች። ቀይ ቀበሮአችን በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው። የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ እያደነ ነው፤ ፍልፈሉ ሣርና ሥር እየበላ፣ አፈሩን እያገላበጠ። እስካሁን የምናውቀው ይኸን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ግን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳተሙ። በደጋው ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ የሆነ አበባ አለ። የእረኛ ልጆች ማሩን ይልሱታል። ቀይ ቀበሮውም ይልሳል። አንዳንዱ በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ይጎበኛል፤ ሲመለስ አፍንጫው በብናኝ ቢጫ ሆኖ። ያንን ብናኝ አድርሶ አበባውን ዘር እንዲይዝ ያደርገዋል ወይ የሚለው ገና ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል። ቢሆንም ሥጋ በል አውሬ እንደ ንብ ከአበባ ወደ አበባ ሲሄድ ማየት ብርቅ ነው። እረኞቹ ልጆች ግን ከተመራማሪዎቹ በፊት የማሩን ቦታ ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ለሳምንት የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ቀላል ነው። በአካባቢያችሁ ሾላ ካለ፣ ፍሬው ሲደርስ አንዱን ለቀም አድርጉና ከመጉረሳችሁ በፊት ዙሪያውን እዩት። ጎኑ ወይም አናቱ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ካለው ተርቦቹ ወጥተዋል፤ ብሉት፣ ይጣፍጣል። ቀዳዳ ከሌለው ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አብራችሁ ግመሱት። ለመብረር የምትሞክር ጥቁር ነገር ካያችሁ በእጃችሁ አታባርሯት፤ ብናኟን ይዛለች፤ ያላት ሁለት ቀን ነው፤ መንገድ ልቀቁላት።

(የመዝጊያ ዜማ)